ከቶርኖው እግር ሥር

ሲግናል፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ተክለብርሃን፣
ብሬሻ፣ ጣሊያን

ሳልጽፍልዎ የቆየሁበትን ጊዜ ሁሉ የሚያካክስ ሰላምታ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ትሕትና ልጅዎስ ደህና ናት? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። እህትዎ እትዬ ወለተሥላሴም ደህና ናቸው። አሁንም ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁለቱን በእግራቸው ይወርዱና፣ በታክሲ የመጣነውን እኛን «ምነው ቆያችሁ?» ይሉናል። ጆሮዎ በማሽን ጩኸት ስለደከመ ስልክ የንብ ድምፅ ብቻ እንደሚያሰማዎ ነግረውኛል፤ ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት መጥቻለሁ።

ዋናው ወሬዬ ቶርኖዎ ከእንጦጦ መውረዱ ነው። በእትዬ ወለተሥላሴ ግቢ ሸራ ለብሶ ዶሮ ሲያድርበት የኖረው ብረት መቅረጫ ማሽን፣ አሁን ሲግናል ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በተከራየሁት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቆሟል። አውርዶ ያቆመልኝ በርና መስኮት የሚበይደው ጎረቤቴ ኤቢሳ ነው። ሞተሩ ሲነሳ እንባዬ መጣ። አባቴ የአጎትዎ ልጅ ከመሆኑ በቀር ብዙም የማልቀርብዎትን እኔን አምነው «ውሰጂና ሞክሪው» ማለትዎን አልረሳውም። ደህናውን የቢሮ ሥራ ትታ ብረት ልትቀጠቅጥ ሄደች ብለው ሲያሙኝ የከረሙት ዘመዶች እንኳ መጥተው መርቀውኛል።

አንድ ነገር ግን አልሆነልኝም። የመጀመሪያ ሥራዬ የውሃ ፓምፕ ሻፍት ነበር። ባለቤቱ ወስዶት በማግሥቱ ይዞት ተመለሰ። በአንዱ ጫፍ ወፍሮ በሌላው ቀጥኗል፤ ኩሽኔታው በአንድ በኩል አልገባ ብሎ በሌላው በኩል ይላወሳል። ሌላ ብረት አምጥቼ እንደገና ሠራሁ፤ ያው ሆነ። በተማርኩበት ትምህርት ቤት ቶርኖዎቹን ተስተካክለው ቆመው ነው ያገኘኋቸው። ማቆሙን ማንም አላሳየኝም። ምን ላድርግ ጋሼ?

አክባሪዎ ሒሩት

*

ብሬሻ
ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሒሩት፣

ኪዳነ ምሕረት እጅሽን ከስለት፣ ዓይንሽን ከብናኝ ትጠብቅልሽ። ደብዳቤሽን ትሕትና ስታመጣልኝ ቁርሴን ትቼ አነበብኩት። ሻፍቱን ይዞ የተመለሰውን ሰውዬ አትቀየሚው። የሚያስፈራው ዝም ብሎ ወስዶ ለሰፈር የሚያወራው ነው።

ቶርኖ ብረት ነው ብለሽ አትመኚው። ረጅም ነው፤ ረጅም ነገር ደግሞ ይጠመዘዛል። ከእግሮቹ አንዱ የፀጉር ያህል ዝቅ ካለ፣ መቁረጫው የሚሄድበት ሐዲድ ይጠመዘዛል፤ ሐዲዱ ከተጠመዘዘ መቁረጫው እየሄደ በሄደ ቁጥር ወይ ከብረቱ ይሸሻል ወይ ወደ ብረቱ ይጠጋል። ሻፍትሽን ያበላሸው ይኼ ነው እንጂ እጅሽ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የትሕትና ጓደኛ አንድ ውሃ ልክ ትሰጥሻለች። የግንበኛ ውሃ ልክ እንዳይመስልሽ፤ ወረቀት ከሥሩ ብታስገቢ ያውቃል። ሐዲዱ ላይ አግድም አስቀምጪው፤ መጀመሪያ ብረቱን በሚነክሰው ራስ በኩል፣ ከዚያ በጭራው በኩል። አረፋው በሁለቱም ዘንድ እኩል መቆም አለበት። ይህ ሲሆን ደግሞ አረፋውንም አትመኚው። ወፈር ያለ ክብ ብረት አስነክሺ፤ ጫፉን ምንም አይደግፈው። ከራሱ አጠገብ አንድ ቀለበት፣ ከጫፉ አጠገብ ሌላ ቀለበት፣ የመቁረጫውን ልክ ሳትነኪ በአንድ ጉዞ ቁረጪና ሁለቱን ለኪ። የራቀው ቀለበት ወፍሮ ከተገኘ፣ በጭራው በኩል አንቺ በምትቆሚበት ወገን ያለውን እግር ትንሽ ከፍ አድርጊው። ቀጥኖ ከተገኘ ዝቅ አድርጊው። ከእግሩ ሥር ለማስገባት የቢራ ጣሳ ቁራጭ ይበቃል። አንቺ ባትጠጪም ብየዳ ቤት ጣሳ አይጠፋም።

አሁን ቁም ነገሩን ልንገርሽ። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ አባይነህ፣ ጉርድ ሾላ ጋራዥ ያለው፣ ቶርኖውን ሽጥልኝ እያለ ይነዘንዘኛል። እኔ ለአንቺ ብሰጥ ደስ ይለኛል። ግን በዚያ ማሽን ስሠራ አንድም ቀን ጠማማ ሥራ አስረክቤ አላውቅም፤ በሸመገልኩበት ጊዜ ስሙ እንዲጠፋ አልፈልግም። ስለዚህ ያን ባለ ሁለት ቀለበት ብረት እስከ መጪው ፋሲካ ላኪልኝ። እዚህ ራሴ እለካዋለሁ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ቶርኖው ያንቺ ነው። ካልሆኑ አባይነህ ይወስደዋል፤ ቂም አትያዢብኝ።

ደግሞ ሳልረሳው፣ ከእግሩ ሥር ምን አለ? ኮንክሪቱ ምን ያህል ይወፍራል?

ተክለብርሃን

*

ሲግናል
ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ጋሼ ተክለብርሃን፣

የፍልሰታ ጾም በረከት እርስዎም ዘንድ ይድረስ። እትዬ ወለተሥላሴ ቅዳሴ አላስታጎሉም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደብዳቤዎን አስነበቡኝ። ስለ ሐዲዱ ስለ ቀለበቱ የተጻፈውን ሁሉ «ቀስ ብለሽ» እያሉ አዳመጡና፣ «ድሮም እንዲህ ነው፣ ለነገር ሁሉ ልክ አለው» አሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከእርስዎ የመጣ ወረቀት ሁሉ ጮክ ተብሎ ካልተነበበላቸው አይተኙም።

ውሃ ልኩ ደርሶኛል። እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው። እንዳሉኝ አደረግኩ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ቀለበቶች እኩል ወጡ፤ ኤቢሳ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እልል አለልኝ። ለሦስተኛ ጊዜ የሠራሁትን ሻፍት የፓምፑ ባለቤት ተቀበለኝ። በሳምንቱ ግን የራቀው ቀለበት ተመልሶ ወፈረ። ጣሳ ጨመርኩ፤ ተስተካከለ። ከዚያ ደግሞ ቀጠነ። ጣሳውን አወጣሁ። አሁን በየሳምንቱ የማደርገው ይኼንኑ ነው። ኤቢሳ «ለሥራው ስል ነው የምጠጣው» ማለት ጀምሯል፤ ሚስቱ ተቀይማኛለች።

ምናልባት ክረምቱ ይሆናል። እዚህ ዝናቡ በርትቷል፤ ከመገናኛ ወዲህ መንገዱ ሁሉ ጎርፍ ነው። ሌላውን የጠየቁኝን ነገር በሚቀጥለው እጽፍልዎታለሁ።

አክባሪዎ ሒሩት

*

ብሬሻ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሒሩት፣

ዘመኑን የበረከት ያድርግልሽ። ስለ ዝናቡ ጻፍሽልኝ፣ ስለ ጾሙ ጻፍሽልኝ፣ ስለ ኤቢሳ ሚስት ጻፍሽልኝ። ከቶርኖው እግር ሥር ምን እንዳለ ግን አልጻፍሽልኝም።

ደህና ኮንክሪት በየሳምንቱ ሐሳቡን አይቀይርም። ሐሳቡን የሚቀይር አንድ ነገር አውቃለሁ፣ እሱም እርጥብ እንጨት ነው። የእንጦጦ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ እንዴት እንደሚጣመምና እንደሚሰነጠቅ አጥሩን አይቼ ነው ያደግኩት። እንደ ጠረጠርኩት ከሆነ፣ ያን እንጨት ከቶርኖ ሥር ያስገባው ሰው አህያ ነው። ያመጣውም ከእሱ አይሻልም። ነገ ዛሬ ሳትዪ አውጥተሽ ማገዶ አድርጊው።

ፋሲካ ሩቅ አይደለም። የምቆጣው ብረቱን ከአንቺ እጅ መቀበል ስለምፈልግ ነው።

ተክለብርሃን

*

ሲግናል
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ድፍረቴ ግን ትንሽ ነው። ለመመለስ የዘገየሁት ለዚህ ነው።

ያስገባሁት አህያ እኔ ነኝ። ያመጡት ደግሞ እህትዎ ናቸው።

ቤቱን የከፈትኩ ሰሞን፣ እንደ ወጉ ዘመድ ሁሉ የአቅሙን ይዞ መጣ። አንዱ የግድግዳ ሰዓት፣ አንዱ ብርጭቆ። እትዬ ወለተሥላሴ ግን ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከተከሉት ባሕር ዛፍ ወፋፍራሙን አስቆርጠው፣ አስጠርበው፣ በአይሱዙ አስጭነው ላኩልኝ። «ለሒሩት ቤት» ከማለት በቀር ሾፌሩ የነገረኝ ነገር የለም። እኔ ምን ላድርገው? አጥር ባደርገው ናቀችኝ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ጓሮ ባስቀምጠው ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ስጦታ ከቶርኖው የሚበልጥ ቦታ በቤቴ የለም አልኩና፣ መሬቱ ላይ አጋድሜ ቶርኖውን በላዩ አቆምኩት። ኤቢሳ «ኮንክሪት ይሻላል» ብሎኝ ነበር፤ ነገሩ ሲገባው ግን አገዘኝ። ሊመርቁኝ ሲመጡ እትዬ ወለተሥላሴ እንጨቱን ቁልቁል አይተው፣ አይተው፣ «እግዚአብሔር ያጽናልሽ» አሉኝ። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

የመስከረሙን ደብዳቤዎን ሳነብላቸው አህያው ጋ ስደርስ ሳል ያዘኝ። ሳሉ ሲለቀኝ ከሥር ወዳለው ስምዎ ዘለልኩ። «አጭር ጻፈ» ብቻ አሉ።

እኔ እንጨቱን ከዚያ ላወጣው አልችልም ጋሼ። በየሳምንቱ እየመጡ በሩ ላይ ቆመው ያዩታል። በእርስዎ በኩል ቢነገራቸው ይሻላል። ወንድማቸው ነዎት፤ ሁለት መስመር ቢጽፉላቸው ደስ ብሎኝ አነብላቸዋለሁ።

አክባሪዎ ሒሩት

*

ብሬሻ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሒሩት፣

ጤና ለአንቺ ይሁን። እኔስ ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ጤና የለኝም።

እኔ ለእቴቴ እንዲህ ያለ ነገር ልጻፍላት? እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሙያ ልማር ስል፣ ያ ባሕር ዛፍ ገና ሳይደርስ አስቆርጣ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። ባሏ ምን እንዳላት አላውቅም፤ ለእኔ ግን አንድም ቀን አላነሳችብኝም። እንጀራዬን ያገኘሁት ከዚያ ዛፍ ነው። አሁን ደግሞ ከዚያው ጉቶ ያቆጠቆጠውን ቆርጣ ለአንቺ ብትሰጥ፣ አህያ ብዬ ጻፍኩባት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ደብዳቤ አቃጥዪው።

ስንት ቀን ብዕር አንስቼ ላስረዳት ሞከርኩ። «እንጨትሽን አውጪ» የሚል ቃል ከእጄ አልወጣም። ስለዚህ አንቺም አትንገሪያት። አባይነህ በበኩሉ ሰው ልኮብኛል። የእህቴ ፊት ከሚጠቁር ቶርኖው ወደ ጉርድ ሾላ ቢሄድ ይሻላል። ሲሸጥ እንጨቱን ማንም ሳይነካው አብሮ ይነሳል፤ እሷም አትቀየምም።

ይህን የምጽፈው ወድጄ አይደለም። አባይነህ ቶርኖውን ይፈልገዋል፤ ስለ ቶርኖው የጠየቀኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ደብዳቤሽ የሚመጣበትን ቀን መጠበቅ ለምጄ ነበር።

እስከ ፋሲካ ግን ቃሌ ቃል ነው።

ተክለብርሃን

*

ሲግናል
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ጋሼ ተክለብርሃን፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ከባድ ነገር ስለተላከልዎ፣ ተሸካሚዋን አስቀድመው ውሃ ያጠጡልኝ። ሰላምታዬን በመጨረሻ አደርሳለሁ፤ ወሬው አላስቻለኝም።

ዘንድሮ የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ንግሥ ከዓቢይ ጾም ቅበላ ጋር ገጠመ። ታቦቷ ከገባች በኋላ እትዬ ወለተሥላሴ ቤት በላን፣ ጠጣን። እንግዳው ሲበተን ልነሳ ብል እጄን ያዙኝ።

«ያችን የሳልሽባትን ደብዳቤ አምጫት» አሉ።

«የትኛዋን እትዬ?»

«ልጄ፣ እኔ ዓይኔ ነው የደከመው። አንቺ በበጋ በክረምት ጉንፋን አያውቅሽም። ያን ዕለት ብቻ ሳልሽ።»

እንዳቃጥለው ያዘዙኝ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ይቅር ይበሉኝ፣ የእርስዎን እጅ ጽሕፈት ማቃጠል አልሆነልኝም። አወጣሁና አነበብኩላቸው። አህያው ጋ ስደርስ ድምፄን ቀነስኩ። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ነጠላውን ሲያነሱት ይስቃሉ። ውሃ እስኪቀርብላቸው ድረስ ሳቁ።

«ለአጥር እኮ ነው የላክሁልሽ» አሉኝ። «ግቢሽ ክፍት ነው፣ የሰው ውሻ ይገባል ሲሉ ሰምቼ። ልመርቅሽ ብመጣ ከማሽኑ ሥር ተጋድሞ አየሁት። እርጥብ ባሕር ዛፍ! ልናገር አልኩና፣ ተምራለች፣ የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው፣ በሰው ሥራ ምን አገባኝ ብዬ ዋጥኩት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የምመጣው ተጣሞ ማሽኑ እንዳይወድቅብሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

እኔ እሳቸውን ላለማስቀየም፣ እሳቸው እኔን ላለማሳፈር፣ እርስዎ ደግሞ ከባሕር ማዶ ሆነው ሁለታችንን ፈርተው፣ ቶርኖው ሊሸጥ ደርሶ ነበር። የታኅሣሡን ደብዳቤዎንም ያኔውኑ አነበብኩላቸው። ስለ ትምህርትዎና ስለ ዛፉ የጻፉት ላይ ሳቃቸው ቆመ። «ተክሌ ይህን አልረሳም ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ሰው ሲያሙ ለእኔ ብለህ ስማ ይባላል፤ ሰምቻለሁ በይው። ሲመጣ ግን አህያዋ እንደምትራገጥ ይወቅ።»

በነጋታው እኔና ኤቢሳ ቶርኖውን በሰንሰለት አንስተን እንጨቱን አወጣን። ከሥሩ ስናየው እንደ ቀስት ጎብጧል። ጉድጓዱን ቆፍረን ወፍራም ኮንክሪት ሞላን። እኔ ቶሎ ላቁመው ስል፣ እትዬ ወለተሥላሴ በሩ ላይ ቆመው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ፤ እስኪጠነክር ተውኩት። ከዚያ ውሃ ልኩን ከጋቢው አውጥቼ እንደ ነገሩኝ ጀመርኩ። ቀለበቶቹ እኩል ሲሆኑም አላመንኩም፤ ቀናት አሳልፌ እንደገና ቆረጥኩ። የላክሁልዎ ያኛውን ብረት ነው። የለካሁትን ቁጥር አልነግርዎትም። ራስዎ ይለኩት።

እንጨቱ አሁን አጥር ሆኗል። ጠማማነቱ ለአጥር አይከፋም። አንዱን ብቻ አስቀርቼ በሩ አጠገብ መቀመጫ አድርጌዋለሁ፤ እትዬ ወለተሥላሴ ሲመጡ እዚያ ተቀምጠው የቶርኖውን ድምፅ ያዳምጣሉ።

ከሁላችንም ሰላምታ ይድረስዎ።

አክባሪዎ ሒሩት

*

ብሬሻ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሒሩት፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። እቴቴንም ጉልበቷን ስመሽ እንኳን አደረሰሽ በይልኝ።

ብረቱ ሰሙነ ሕማማት ደረሰልኝ። ጠረጴዛ ላይ እንደ ተጠቀለለ አስቀመጥኩት። ትሕትና «ለምን አትለካውም?» ስትለኝ፣ ከጉዞ የመጣ ብረት ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስማማ መቆየት አለበት አልኳት። እውነት ነው፤ ግን የሚቆየው አንድ ቀን ነው እንጂ ሳምንት አይደለም። ፈርቼ ነው። ቁጥሩ ባያምር ቃሌን ማክበር ግድ ይሆንብኝ ነበር፣ ማክበርም አልፈለግኩም።

በፋሲካ ማግሥት ትሕትና ስትወጣ ፈታሁት። ማይክሮሜትሬን ጠራርጌ አንዱን ቀለበት ለካሁ። ዓይኔን ስለማላምን በማጉያ መነጽር አነበብኩት። ሁለተኛውን ለካሁ። ከዚያ ብረቱን አዙሬ እንደገና ለካሁ፤ ደግሜ አዞርኩት። በመጨረሻ የትኛው በራሱ በኩል፣ የትኛው በጫፍ በኩል እንደ ተቆረጠ ጠፋኝ። አሁንም አላውቀውም። ትሕትና ስትመለስ ብረቱን ታቅፌ ተቀምጬ አገኘችኝ።

ቶርኖው ያንቺ ነው። አባይነህንም ሥራ ካለህ ወደ ሲግናል ውሰደው ብዬዋለሁ፤ ቅር ብሎት ነበር፣ ግን ሰሞኑን ይመጣል። ሻፍት ይዞ ሲመጣ ቀና ብለሽ ተቀበዪው። የምታውቂው ነገር ሲኖር ተናገሪ፤ የማታውቂውን ጠይቂ። እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ ላደርግ ነው፤ ጊዜው ቢመሽም።

ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ። እቴቴ ልትራገጥ ትችላለች። ከዚያ ግን በሩ አጠገብ ካለችው መቀመጫ ላይ አብሬያት ተቀምጬ ቶርኖውን ልሰማ እፈልጋለሁ፤ ጆሮዬ ያን ድምፅ አይስተውም። አንድ ነገር አደራ፤ መቀመጫው ቢንጋደድም ከእግሩ ሥር ጣሳ እንዳታስገቢበት። እንደ ተጣመመ እቀመጥበታለሁ።

ተክለብርሃን